ከኋላው የሚጎርሰው ጠመንጃ

ባንተአምላክ በሞተ በሠላሳ አራተኛው ቀን የአባቱ ታላቅ ወንድም ፋንታ ክላሹን አንግቶ የሟቹ እናት ወይንእሸት ቤት መጣ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመው።

«እንግዲህ አርባው ስድስት ቀን ቀረው» አለ። «ጠላው ተጠንስሷል፣ ካህናቱ ተነግሯቸዋል። የቀረው ተኩሱ ነው።»

«የምን ተኩስ፣ ጋሼ?»

«የምን ተኩስ ትያለሽ እንዴ? የታደለ ልጅ እኮ ነው። ቀብሩ ላይ አልነበርን፣ ሬሳውን አላየን፣ አፈር አላለበስነው። በአርባው እንኳ ሦስት ጥይት ካልጮኸለት እንደ ጠፋ በግ ዝም ብሎ ሊቀር ነው?»

የወይንእሸት ዓይን ጠመንጃው ላይ ነበር። ይህን ክላሽ ታውቀዋለች። ባሏ ታደለ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በድንበር ጠብ የተገደለ ቀን ትከሻው ላይ ነበረ። ከቀብሩ ማግስት በገዛ እጇ ከግድግዳው አውርዳ ለፋንታ የሰጠችው እሷ ናት፤ ልጇ አድጎ የአባቴን ደም ልመልስ እንዳይል።

«ላስብበት» አለች።

«ምኑ ይታሰባል?»

«ላስብበት አልኩዎት፣ ጋሼ።»

ፋንታ ጠመንጃውን አንግቶ እያጉረመረመ ወጣ። ወይንእሸት እዚያው እንደተቀመጠች ቀረች። ሰው ሁሉ ልጇ በምን እንደሞተ ያውቃል፤ ትርፍ አንጀት ነው። እሷ ግን ለማንም ያልነገረችው ሌላ ነገር ነበራት። ከመርዶው ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት እሱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ባንተአምላክ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ፣ ወይንእሸት ከገበያ ስትመለስ ከጓዳ የተኩስ ድምፅ ሰማች። ዘንቢሏን ደጃፍ ላይ ጥላ ዘላ ገባች። ልጇ አልጋው ላይ ተንጋሎ ስልኩን በሁለት እጁ ይዟል። «ከኋላህ ነው፣ ከኋላህ፣ ዙር» ይላል ለማይታይ ሰው።

«ማን ነው ከኋላው ያለው?»

«ማንም የለም፣ እማ። ጨዋታ ነው። ነይ ላሳይሽ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣትና ስልኩን አቀረበላት። ጥቁር ሜዳ ላይ አንድ አጭር ጠመንጃ ቀስ እያለ ይሽከረከራል።

«ይሄን ለማግኘት አንድ ዓመት ነው የፈጀብኝ። ልጆቹ ቡልፓፕ ይሉታል።»

ወይንእሸት ጎንበስ ብላ አየችው። የጎጃም ሴት ጠመንጃ አይጠፋትም። ምላጩን አወቀችው፣ አፈሙዙን አወቀችው። ካዝናው ግን ያለ ቦታው ነበር። ከምላጩ ፊት መሆን ሲገባው ወደ ኋላ ሄዶ ሰደፉ ሥር ተሰክቷል።

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ጠመንጃ ከኋላው ይጎርሳል እንዴ?»

ባንተአምላክ ሳቀ። «አጭር እንዲሆን ነው፣ እማ። አፈሙዙ ሳያጥር ጠመንጃው ያጥራል። ከቤት ቤት ስትገቢ በር አይመታብሽም።»

«እኔ ምን ቆርጦኝ ነው ጠመንጃ ይዤ ከቤት ቤት የምገባው?»

«ቀለሙን እይ እስቲ። እኔ ነኝ የቀባሁት። የነሐሴ ጤፍ ነው።»

እውነትም ሰደፉ ለምለም አረንጓዴ ነበር። ወይንእሸት ፈገግ ልትል ቃጥቷት ነበር። ወዲያው ግን ልጇ ጨዋታውን ቀጠለና አንድ ሰው ከድንጋይ ካብ ሥር ወደቀ። ታደለም የወደቀው ካብ ሥር ነው። እሷ ናት ያነሣችው። ፊቱ ላይ የነበረው አፈር እስከ ዛሬ ከእጇ አልለቀቀም።

ብድግ አለች።

«ባንተአምላክ፣ ስማኝ። ይህን ጠመንጃ ዳግመኛ በእጅህ ብትነካ የጠባኸው ጡት ይፍረድህ። በጊዮርጊስ ገዝቼሃለሁ።»

«እማ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ገዝቼሃለሁ አልኩ።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። በዚያ አገር የእናት ግዝት እንደ ዋዛ አይታለፍም። የተገዘተ ሰው ሳይፈታ ቢሞት ነፍሱ ደጅ ትቆማለች ይባላል። ግዝቱን አፍርሶ የሞተ እንደሆነ ደግሞ የገደለው በሽታው አይደለም፤ ግዝቱ ነው ይባላል።

ባንተአምላክ ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ስልኩን ለጨዋታ አልከፈተም። በዓመቱ መጨረሻ ሞጣ ሄዶ አብዱልዋሂድ የሚባል ነጋዴ ሱቅ ውስጥ ስልክ ጠጋኝ ሆነ። ወይንእሸትም በተራዋ የጎልማሶች ትምህርት ገባች። ሰው ለምን በዚህ ዕድሜሽ ሲላት «ማታ ማታ ቤት ጭር አለብኝ» ትላለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልጇ ከሞጣ መልእክት ሲልክላት ጎረቤት ዘንድ ሄዳ ማስነበብ መሯት ነበር። ልጄ በላህ ወይ፣ ልብስህን ማን ያጥብልሃል፣ ብርዱስ እንዴት ነው ብላ ራሷ ልትጠይቀው ትፈልግ ነበር። መምህሯ እፀገነት የልጇ እኩያ ናት። «እትዬ ወይንእሸት፣ ፊደሏን አይጫኗት፤ አታመልጥዎትም» እያለች ጠመኔ አያያዝ አስተማረቻት።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ መልእክት መጣ። ወይንእሸት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ እያስኬደች፣ ያለ ማንም እርዳታ አነበበችው።

«እማ ለፋሲካ ውድድር አለን። ግዝቱን ፍቺልኝ። አንድ ቀን ብቻ።»

አንድ ቀን ብቻ። ታደለም ያን ክላሽ አንግቶ ሲወጣ እንዲሁ ነበር ያላት። ዛሬን ብቻ ልውጣ፣ ነገ ሽማግሌ ይገባበታል ብሎ ነበር። ወይንእሸት ባለቁልፍ ስልኳን ጭኗ ላይ አኑራ ደብተሯን አወጣች። በመጀመሪያ ደብተሩ ላይ ጻፈችው። ከዚያ እያየች፣ አንዱን ቁልፍ ሦስት አራት ጊዜ እየተጫነች፣ ፊደል ስትስት እያጠፋች፣ ወደ ስልኩ ገለበጠችው። ፀሐይ ከደጃፉ እስክትዞር ድረስ ፈጀባት። በሕይወቷ ለሰው የጻፈችው የመጀመሪያው ቃል ነበር።

«አልፈታም።»

በማግሥቱ ክፍል ውስጥ እፀገነት እያንዳንዳቸው በዚያ ሳምንት ለጉዳያቸው የጻፉትን አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ አዘዘች። ወይንእሸት ወጥታ አልፈታም ብላ ጻፈች።

«ምኑን ነው የማይፈቱት?» አለች እፀገነት።

«በጌን ነው። የሰው እህል ይበላል።»

ክፍሉ ሳቀ፤ አጨበጨቡላትም። ወይንእሸት ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ በልቧ ግን ኮርታ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ባንተአምላክ ደወለ። ስለ ዝናቡ ጠየቃት፣ ስለ ላሟ ጠየቃት። ሊዘጋ ሲል «ጽሑፍሽ ደርሶኛል፣ እማ» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን አልወደደችውም። የታዘዘ ልጅ አዝኖ ዝም ይላል እንጂ ይስቃል? ሳቁ የናቃት ሰው ሳቅ መሰላት። እሱም ፋሲካን ሳይመጣ ቀረ፤ መንገድ ተዘግቶ ነበር። ፋሲካ ባለፈ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሆዱን ታመመ፤ ሰው እንዳያስቸግር ዋጥ አድርጎት ሰነበተ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ሐኪሞቹም የሚችሉትን አደረጉ። መንገዱ እንደተዘጋ ስለነበር እዚያው ሞጣ ተቀበረ፤ መርዶው በሦስተኛው ቀን በስልክ መጣ።

እንግዲህ ወይንእሸት ለማንም ያልነገረችው ይህን ነው። ልጇ ያን ጠመንጃ በፋሲካ ነክቶት ከሆነ፣ የገደለችው እሷ ናት።

ፋንታ በመጣ ማግሥት የነፍስ አባቷ መምሬ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ሄደች። ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳዊታቸውን ሲያደርሱ አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ እግራቸው ሥር ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ግዝቱ ምን ላይ ነው ያልሽኝ?»

«ጠመንጃ ላይ ነው፣ አባ።»

«የማን ጠመንጃ?»

«የራሱ።»

«ፋንታ ዘንድ ያለው?»

«አይደለም። ስልኩ ውስጥ ያለው።»

መምሬ ዳዊቱን ዘጉት። «ስልክ ውስጥ?»

«አዎ።»

«ሰው ይገድላል?»

«ይገድላል። የሞተው ግን ትንሽ ቆይቶ ይነሣል ይላሉ።»

«ሙቱ ከተነሣ ከእኛው ጠመንጃ ይሻላል» አሉ። የሳቁ መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው፤ አልሳቁም። «ልጄ፣ ግዝት የካህን ሥራ ነበር። ማን አድርጊ አለሽ? በዚያ ላይ የእናት አፍ ከእኛም ይከብዳል። እኔ ፍትሐቱን አደርሳለሁ። ነገር ግን ያሰርሽው አንቺ ነሽና የምትፈቺውም አንቺ ነሽ። እዚያው ያሰርሽበት ነገር ላይ፣ በዚያው ባሰርሽበት አፍ።»

«ነክቶት ከሆነስ፣ አባ? አፍርሶት ከሆነስ?»

መምሬ መስቀላቸውን በመዳፋቸው አገላበጡት። «እሱን እኔ አላውቅም። መጀመሪያ ሂጂና ፍቺ። አርባው ሳይሞላ።»

መንገዱ ከተከፈተ ገና ሳምንቱ ነበር። ወይንእሸት በሠላሳ ስድስተኛው ቀን፣ ማለዳ ከቢቸና ሚኒባስ ተሳፍራ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ወጣች። የሰኔ ጾም ገብቷል፤ ገበሬው ማሳው ውስጥ ነው። ጎኗ የተቀመጠች ሴት ወዴት እንደምትሄድ ጠየቀቻት።

«ልጄ ዘንድ» አለች።

«ምን ይሠራል?»

«ስልክ ይጠግናል።»

ሞጣ ስትደርስ መጀመሪያ ወደ መቃብሩ ወሰዷት። የባለሱቁ ሚስት ጀዋሂርና ልጃቸው አብዱልሐኪም ናቸው መነኻሪያ ድረስ ወጥተው የተቀበሏት። አብዱልሐኪም ከባንተአምላክ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሠራ፣ አንድ ክፍል ያደረ ወጣት ነው። ሁለቱ አጥሩ ዘንድ ቆሙና እሷ ብቻዋን ገባች። አፈሩ ገና አልረጋም ነበር፤ ዝናቡ ከአንድ በኩል አጥቦታል። በእጇ እየዛቀች ሞላችው። ከዚያ በኋላ ያለቀሰችውን ልቅሶ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል፤ አይደገምም።

ቤት ሲገቡ ጀዋሂር ውኃ አምጥታ እጇን አስታጠበቻት።

«እዚህ መደብ ላይ ነበር የተኛው» አለቻት። «ቁርጠት ነው ብሎ ፌጦ በጥብጪልኝ አለኝ። በጠበጥኩለት። ያን ጊዜውኑ ጎትቼ መውሰድ ነበረብኝ፣ እህቴ። ይህን ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ወይንእሸት አየቻት። ለካ ሌላም እንቅልፍ ያጣች ሴት አለች። «አንቺ ምን አደረግሽ» አለቻት። «ልጄን ፌጦ ያጠጣሽው አንቺ፣ ቄስ ጠርተሽ ያስቀበርሽው አንቺ። እናቱ አንቺ ነበርሽ።»

ጀዋሂር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አብዱልሐኪም የባንተአምላክን ዕቃ አመጣ። ሁለት ሱሪ፣ ጃኬት፣ ጫማ፣ የመፍቻ ሳጥን፣ በመጨረሻም ስልኩን።

«እትዬ፣ ስልኩን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልከፈትነውም። ትናንት ይመጣሉ ሲባል ቻርጅ አደረግሁት።»

«ክፈትልኝ።»

አብዱልሐኪም ጎኑን ተጭኖ አቀበላት። ስልኩ ነቃ። ወይንእሸት የልጇን ፎቶ አያለሁ ብላ ልቧን አጽንታ ነበር። የስልኩ ፊት ላይ ግን ፎቶ አልነበረም። ነጭ ላይ በጥቁር አንድ ቃል ብቻ፣ ዳር እስከ ዳር ተለጥጦ ተጽፏል። ወይንእሸት ፊደል ካየች ሳታነብ ማለፍ ትታለች።

አልፈታም።

ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ያን ቃል ፀሐይ እስክትዞር የለፋችበት እሷ ናት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ስልክም እንደዚያው ኖሯል። ልጇ ግዝቷን ፊቱ ላይ ለጥፎ፣ በነቃ ቁጥር እያየው፣ እያየው ነው የሞተው።

«እርግማኔን ነው የተሸከመው» አለች። ጀዋሂር ጎንበስ ብላ ነው የሰማቻት።

«አይደለም፣ እትዬ» አለ አብዱልሐኪም። «እንዲያ አይደለም። መልእክቱ የገባ ቀን ሱቅ ነበርን። የአንድ ገበሬ ስልክ ፈትቶ ይዟል። የራሱ ጮኸ፤ አየና ብሎኑን ሁሉ በትኖ ተነሣ። እኔ ሰው የሞተበት መስሎኝ ደነገጥኩ። ‹እናቴ ጻፈች› ይላል። ‹አብዱል፣ እናቴ ጻፈች፤ በገዛ እጇ።› ገበሬውን አሳየው፤ ሰውዬው ማንበብ አይችልም፤ አነበበለት። ከጎን ያለውን ልብስ ሰፊ ጠርቶ አሳየው። ‹ምን ትላለች?› ይሉታል። ‹አልፈታም ትላለች።› ‹ታዲያ እምቢ ተብለህ ምን ያስቅሃል?› ሲሉት ‹አንድ ፊደል አልሳተችም› ይላል። የዚያኑ ቀን ስልኩ ላይ እንዲህ አድርጎ ሰቀለው። ምነው የቆንጆ ልጅ ፎቶ አታደርግም ብዬ ስቄበት ነበር። ‹የእናቴ ጽሕፈት ነው› አለኝ።»

ወይንእሸት ስልኩን ከመሬት አነሣችው። ብርሃኑ ጠፍቶ ስለነበር አብዱልሐኪም እንዴት እንደሚበራ አሳያት። ተጫነችው። ቃሏ እንደገና ወጣ። አጠፋችው፤ እንደገና አበራችው። ያ በስልክ የሳቀው ሳቅ አሁን ጆሮዋ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ምነው ምን ያስቅሃል ብላ ጠይቃው በነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «አትዋሸኝ። ደስ ይበላት ብለህ አትዋሸኝ።»

«እሺ።»

«ያን ጠመንጃ ነክቶት ነበር?»

አብዱልሐኪም የትኛውን ጠመንጃ ብሎ አልጠየቀም። «ወላሂ አልነካውም። እኔ ብነግርዎት ላያምኑኝ ይችላሉ፤ ጨዋታው ራሱ ይመዘግባል።» ስልኩን ተቀብሎ ቁጥር አስገባና ጨዋታውን ከፈተ። ያ ጥቁር ሜዳ መጣ። ያ አጭር ጠመንጃም ሰደፉ እንደ ነሐሴ ጤፍ እንደለመለመ፣ ካዝናውን ከኋላው እንደጎረሰ፣ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። «እዚህ ጋ ቀኑን ያንብቡ፤ መጨረሻ የተያዘበት ቀን ነው። በፈረንጅ ነው፤ የዛሬ ሁለት ዓመት ነው የሚለው። ከእኛ ጋር መጫወት ሳይጀምር ነው።»

«ታዲያ ከእናንተ ጋር በምን ይጫወት ነበር?»

«በፋሻ።»

«በምን?»

«የቁስለኛ ቦርሳ አለ። የወደቀ ሰው ሲያይ በተኩስ መሐል ይሮጥና ያነሣዋል። እኛ እንዋጋለን፣ እሱ ያነሣናል። ይሄን የመሰለ መሣሪያ አስቀምጦ ፋሻ ይዞ ሲሮጥ ስንት ጊዜ ሳቅንበት። ‹ለምን አትይዘውም?› ስንለው ‹እናቴ ገዝታኛለች› ይላል፣ ያበቃል። ልጆቹ ሐኪም ነበር የሚሉት።»

ከመርዶው ቀን ጀምሮ ወይንእሸት ደረት ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣ። በቦታው የመጣው ግን ቀላል አልነበረም። ልጇ አላፈረሰም። ዓመት ሙሉ የለፋበትን፣ በጤፍ ቀለም የቀባውን፣ ሌላው ሁሉ የተመኘውን ነገር ለእሷ ሲል አንድ ቀን እንኳ ሳይነካ ነው የሄደው። አንድ ቀን ብቻ ብሎ ለምኗት ነበር።

«የፋሲካው ውድድርስ?» አለች።

አብዱልሐኪም ጀዋሂርን አየ። «ተሸነፍን።»

«በእሱ ምክንያት?»

«አንድ ጠመንጃ ጎድሎን ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ማንም ግን አልተቀየመውም። አሥራ አንድ ሰው ነው ያነሣው። እኔን ብቻ አራት ጊዜ።» ቀጥሎ ሊናገር የነበረውን ዋጠው። የተናገረው ግን በቂ ነበር። ባንተአምላክ ሲወድቅ ከእነዚያ ካነሣቸው አንዱም ሊያነሣው አልቻለም፤ ሦስቱም ይህንኑ ነበር የሚያስቡት።

ወይንእሸት ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። ስልኩን መደቡ ላይ፣ ልጇ በተኛበት በኩል አስቀመጠችው። ጀዋሂርም ሳትጠየቅ ተነሣች።

«ልጄ ባንተአምላክ» አለች ወይንእሸት፤ የክርስትና ስሙንም ጨመረች። «በአፌ ያሰርኩህን በአፌ ፈትቼሃለሁ። የጠባኸው ጡት አይፈርድህም። ጊዮርጊስም ከእኔ ጋር ይፍታህ። ምንም አላጠፋህም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አሚን» አለች ጀዋሂር።

«አሚን» አለ አብዱልሐኪም።

ወይንእሸት መዳፏን ስልኩ ላይ አኖረች። ጠመንጃው እጇ ሲያርፍበት ሽክርክሩን አቆመና ወደ እሷ ዞረ፤ መዳፏን ወዲያ ስታደርገው ወዲያ፣ ወዲህ ስታደርገው ወዲህ ይላል። በሕይወቷ ያላስፈራት የመጀመሪያው ጠመንጃ ነው።

«ይጮኻል?» አለች።

«ምኑ?»

«ሲተኮስ። ያን ቀን ከጓዳ የሰማሁት እሱ ነበር መሰለኝ።»

«ይጮኻል። ሰው የሌለበት መለማመጃ ሜዳ አለ። ይተኩሳሉ?»

«እኔ ጠመንጃ አልነካም። አንተ ተኩስለት። ሦስት። ወደ ሰማይ።»

አብዱልሐኪም ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ። ሜዳው ወጣ፤ ሣር አለው፣ ሩቅ ተራራ አለው። አፈሙዙን ወደ ላይ አነሣ። አንድ ብሎ ቆመ። ሁለት። ከዚያ ሦስት። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ሽንብራ ሲቆላ እንደሚፈነዳው ያህል። ሆኖም ባንተአምላክ ከሞተ ወዲህ በስሙ የጮኸለት የመጀመሪያው ጥይት ነበር። ጀዋሂር ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ዕቃውን በጆንያ ሲያስሩላት አብዱልሐኪም «ይሄን ጽሑፍ ከስልኩ ላይ ላንሳልዎት?» አላት። «ፎቶው አለኝ፤ ፎቶውን ላድርግልዎት።»

ወይንእሸት አሰበች። «ተወው» አለች። «እሱ ነው ያስቀመጠው።»

በማግሥቱ ወደ ቢቸና ስትመለስ ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ለማውረድ ቆመ። ወይንእሸት ባለቁልፍ ስልኳን አወጣች። አሁን ደብተር አላስፈለጋትም። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለገች ጻፈችና እንደ ወትሮው ወደ ሞጣ ላከችው። ወዲያው ጉያዋ ውስጥ አንድ ነገር ነዘረ። ደነገጠች። የልጇን ስልክ ጉያዋ ውስጥ ማድረጓን ረስታ ነበር። አወጣችው። አልፈታም ከሚለው በላይ ትንሽ ጽሑፍ መጥቷል፤ የላኪዋ ስም እማ ይላል።

«ፈትቼሃለሁ ልጄ በላህ ወይ»

መልስ የሚመጣ ይመስል እስከ ቢቸና ድረስ ስልኩን በእጇ እንደያዘች ሄደች።

በአርባው ካህናቱ ፍትሐቱን አድርሰው ሲያበቁ ፋንታ ከዳሱ ወጣና ክላሹን ከትከሻው አወረደ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ወይንእሸት ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ሄደችና ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይተዉት። ልጄ ተተኩሶለታል።»

«የት ነው የተተኮሰለት?»

«ሞጣ። በገዛ ጠመንጃው። ሦስት ጊዜ።»

«ባንተአምላክ ጠመንጃ ነበረው እንዴ?» ፋንታ ግራ ተጋባ። «መቼ ያዘ? እኔ ሳላውቅ?»

«ነበረው። አልያዘውም እንጂ።»

ፋንታ መምሬ ሀብተ ሥላሴን ዞሮ አያቸው። መምሬ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ካዝናውን ከጠመንጃው ፊት ነቅሎ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተና ከሰዎቹ ጋር ተቀመጠ።